ኬሞ ይቅደም ወይስ ቀዶ ጥገና?

ለገጣፎ የምትኖር ጎረቤቴ የጡት ካንሰር እንዳለባት የተነገራት ሰሞን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳት። «ኬሞውን፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒቱን፣ ከቀዶ ጥገናው አስቀድሜ ብወስድ፣ ጡቴን አንስተው መልሰው ሲሠሩልኝ ቁስሉ አልድን ይለኝ ይሆን?»

ስጋቷ ይገባኛል። ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ይቀንሳል፣ ሰውነትንም ያደክማል። ግን ሐኪሞች ቀዶ ጥገናውን የሚያደርጉት ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ኬሞ በኋላ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ጠብቀው ነው። በዚያ ጊዜ ደሙ ያገግማል። ጥናቶች በጥቅሉ ሲታዩም ኬሞ መቅደሙ ብቻውን ጡትን መልሶ መሥራትን አደገኛ አያደርገውም። ዕጢው ከሟሸሸ ደግሞ ጡቱን በሙሉ ማንሳት ላያስፈልግ ይችላል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ቀዶ ጥገናው ሲቀድምስ? ዕጢው ቶሎ ይወጣል። ትንሽ ከሆነ ጥሩ ምርጫ ነው። ችግሩ፣ ጡቱ ወዲያው ተሠርቶ ቁስሉ ካመረቀዘ ቁስሉ እስኪድን ኬሞው ይጠብቃል። ኬሞው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ90 ቀን በላይ መዘግየቱ ደግሞ ይጎዳል።

ቁስልን ይበልጥ የሚያስቸግሩት ሲጋራ፣ የስኳር በሽታና ከልክ ያለፈ ውፍረት ናቸው። የጨረር ሕክምና የሚከተል ከሆነ ደግሞ በሲሊኮን የተሠራ ጡት ሊጠነክርና ቅርጹ ሊበላሽ ይችላል። ጎረቤቴ ለሐኪሟ መጀመሪያ ያነሳችው ይህንኑ ነው።