ኦፕንኤልሲኤ ወይስ ሲማፕሮ? የልቀት መረጃ ሲጎድል

የውጭ ገዢ «የቡናችሁ የካርቦን አሻራ ስንት ነው?» ብሎ የያዛቸው ላኪዎች አሻራውን፣ ማለትም ምርቱ የሚያስከትለውን የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት፣ ለማስላት ከኦፕንኤልሲኤና ከሲማፕሮ የትኛውን ሶፍትዌር እንግዛ ይሉኛል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የሌላችሁን መረጃ ቁጠሩ እላለሁ።

ኦፕንኤልሲኤ የበርሊኑ ግሪንዴልታ ሥራ ነው፤ ፕሮግራሙ ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት። ክፋቱ የጎደለን ነገር ዝም ብሎ ማለፉ ነው። ግብዓት አስገብታችሁ ከሚያመርተው ሂደት ጋር ካላያያዛችሁት፣ ልቀቱ ዜሮ ሆኖ ይደመራል። አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ስሠራ ውጤቱ አምሮብኝ ነበር። በኋላ ግራፉን ብከፍት ናፍጣው መስመር የለውም፣ ብቻውን ቆሟል። የሆላንዱ ሲማፕሮ ላይ ግብዓት የሚመረጠው ከተመዘገቡ ሂደቶች ስለሆነ እንዲህ መሳት ይከብዳል። ግን በክፍያ ነው።

ዜሮ መጻፍ ራሱ ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ አይኤስኦ 14044፣ የእንዲህ ዓይነት ስሌት ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ ምክንያቱ እስከተገለጸ ድረስ ይፈቅደዋል፤ በተመሳሳይ ቴክኖሎጂ ከሚሠራ ሂደት ተሰልቶ የተወሰደ ቁጥርንም እንዲሁ።

የተዋሰ ቁጥር ግን ያስቸግራል። የዓለም አማካይ ኤሌክትሪክን ብትጠቀሙ፣ ከ90 በመቶ በላይ ኃይሉን ከውሃ ለሚያመነጭ አገር የማይገባውን ዕዳ ታሸክሙታላችሁ። ኢኮኢንቬንትን የመሰለ የሚከፈልበት ዳታቤዝ ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል፤ የየአገሩን መብራት ለይቶ ይዟል። ከኦፕንኤልሲኤ ጋር ስትጠቀሙበት ላይሰንሱን ለብቻው ትገዛላችሁ፤ የነጻው ፕሮግራም ወጪ ያለው እዚያ ነው።

የማጠቢያውን ፍሳሽ ጉድጓድ መረጃ ግን የትኛውም ሶፍትዌር አይሞላላችሁም። በተመድ የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ (አይፒሲሲ) ስሌት 1 ኪሎ ሲኦዲ፣ ማለትም የፍሳሹ የብክለት መለኪያ፣ ቢበዛ 0.25 ኪሎ ሜቴን ይሰጣል። ይህ በጉድጓዱ ዓይነት ይባዛል፦ አየር የማያገኘው ጉድጓድ ጥልቀቱ ከ2 ሜትር ካነሰ በ0.2፣ ከበለጠ በ0.8። ሜቴን በ100 ዓመት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ስለሚያሞቅ በ28 ብታባዙት አንዱ 1.4፣ ሌላው 5.6 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ይሆናል። የአራት እጥፍ ልዩነት! መልሱ ያለው በሜትር ገመድ ላይ ነው፤ ጥበቃው ራሱ ለክቶ ሊነግራችሁ ይችላል።

ስለዚህ አንድ ሁለት ጣቢያ ላለው ላኪ ኦፕንኤልሲኤ ይበቃል፤ የተረፈው ገንዘብ ለፍሳሽ ላቦራቶሪ ምርመራ ይዋል። ለብዙ ደንበኛ የሚሠራና ውጤቱን በውጭ መርማሪ የሚያስፈትሽ አማካሪ ሲማፕሮን ይግዛ። ኦፕንኤልሲኤን የመረጠ ሁሉ ሪፖርት ከመላኩ በፊት ግራፉን ከፍቶ መስመር የሌለውን ይፈልግ።