አኳሪየሜን በራሱ የሚሞላው ዕቃ፣ ከስምንት ወር በኋላ

ዕቃውን ያገኘሁት ጥቅምት ላይ ነው። ጅማ ውስጥ ፈልጌ ስላጣሁት፣ ለሥራ አዲስ አበባ የሄደ ጓደኛዬ ይዞልኝ መጣ። የአሳ ገንዳው መስታወት ላይ የሚለጠፍ አውራ ጣት የምታክል ሴንሰር፣ ጀሪካን ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፓምፕ፣ ቀጭን ቱቦ። ውኃው ተንኖ ሲጎድል ሴንሰሩ ያውቃል፣ ፓምፑ ተነስቶ ይሞላል። በቃ።

የኔ ገንዳ 80 በ40 ሴንቲ ነው፣ ክዳን የለውም። በበጋ በቀን አንድ ሊትር ገደማ ይተንበታል። ድሮ ማታ ማታ በጆግ ነበር የምሞላው። ክዳን ያለው ሰው ይሄን ዕቃ ባይገዛ ብዙም አይቀርበትም።

የመጀመሪያው ወር ሰላም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነዘነዘኝ፤ ቱቦው ከውኃው በላይ ስለተንጠለጠለ ሌሊት ጠብ ጠብ ይላል። እኔ ብልጡ ወደ ታች ገፍቼ ጫፉን ግማሽ ስንዝር ያህል ውኃው ውስጥ ከተትኩት። ድምፁ ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ፓምፑ ቶሎ ቶሎ መነሳት ጀመረ። "በጋ ስለገባ ነው" ብዬ አለፍኩት። ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ማታ ጀሪካኑን ጢም አድርጌ ሞልቼ ተኛሁ። ሌሊት መብራት ሄዷል። ጠዋት ሳሎን ስገባ እግሬ ጨፈቅ አለ። ምንጣፉ ርሷል፣ ጀሪካኑ በአፉ ይፈሳል፣ ገንዳው ግማሽ ስንዝር ጎድሏል። አሳዎቹ ደህና ናቸው። ባለቤቴ ግን እስከ ምሳ አላናገረችኝም።

ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብዬ ሂርማታ አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ ለሚሠራ ልጅ ወሰድኩት። ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ነከረው፣ አወጣው፣ ደግሞ ነከረው።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንም አልሆነም። የቱቦው ጫፍ የት ነው ያለው?"

ነገርኩት። ሳቀ።

"ነዳጅ ከመኪና በቱቦ ስበው ሲያወጡ አላዩም?"

ነገሩ እሱ ነው። ፓምፑ ሲቆም ቱቦው ውስጥ ያለው ውኃ አይቋረጥም። ጫፉ ውኃ ውስጥ እስካለ ድረስ ከገንዳው ወጥቶ ወለል ላይ ወዳለው ጀሪካን ይመለሳል። መብራት እያለ ፓምፑ መልሶ ይሞላዋል፤ ቶሎ ቶሎ ይነሳ የነበረውም ለዚህ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ጫፉ አየር እስኪያገኝ መውረድ ነው። ለካ ያ ጠብ ጠብ ነበር ሲጠብቀኝ የኖረው።

አሁን ጫፉን በልብስ መቆንጠጫ ከውኃው ሁለት ጣት ከፍ አድርጌ ይዤዋለሁ። ወደ መስታወቱ ስላዘነበልኩት ውኃው መስታወቱን ይዞ ያለ ድምፅ ይወርዳል። ጀሪካኑን ከገንዳው በላይ መደርደሪያ ላይ የምታስቀምጡ ካላችሁ ግን አውርዱት። ያኔ ጫፉ አየር ላይ ቢሆንም አያድናችሁም፤ ፓምፑ አንዴ ከጀመረው ጀሪካኑ እስኪያልቅ ገንዳው ላይ ሊወርድ ይችላል።

ሁለተኛው ጣጣ የካቲት ላይ መጣ። ውኃው ጎድሎ ፊልተሩ ያንጎራጉራል፣ ፓምፑ ዝም። ሴንሰሩ በብርሃን ነው የሚሠራው። ጫፉ ሲደርቅ ብርሃኑ ወደ ውስጥ ተመልሶ ይታየዋል፣ ሲረጥብ ወደ ውኃው ያመልጠዋል። ነጭ ጨው ወይም አልጌ ከያዘው ይወናበዳል። የኔው ላይ አንዲት ቀንድ አውጣ ተደላድላ ተቀምጣለች! አነሳኋት፣ ፓምፑ ወዲያው ተነሳ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ሴንሰሩን ሩብ ሰዓት አቼቶ ውስጥ ነክሬ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አስነክቼ በደንብ አለቀልቀዋለሁ። በቢላ መፋቅ የለም።

መጋቢት ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ አዳፕተሩን ይዞት ሄደ። ባለ 12 ቮልት ስለሆነ ሌላ አላጣሁም። ቮልቱ ከድሮው ጋር አንድ ይሁን፣ አምፔሩ አይነስ፣ ፕላስና ማይነሱ አይገለበጥ።

ውኃ መቀየርን ግን አያስቀርም። የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፣ ማዕድኑ እዚያው ይቀራል። የቧንቧ ውኃ በላዩ ሲጨመር ይከማቻል። ጅማ ደግሞ ዝናብ አይነፍገንም፤ የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን ካጠበ በኋላ የሚወርደውን አጠራቅሜ ጀሪካኑን በእሱ እሞላለሁ።

ከ10 ሰባት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለአዳፕተሩ፣ አንዱን ጎረቤት ለሚቀሰቅሰው አላርሙ ነው። ሦስተኛው ለማኑዋሉ። ስለ ቱቦው ጫፍ የምትናገር አንዲት መስመር አለችው፤ መነጽር ካላደረጉ የማትታይ።

ለፋሲካ ዘጠኝ ቀን ቤተሰብ ጋ ቆይተን ስንመለስ ጀሪካኑ ግማሽ ደርሷል፣ ገንዳው መስመሩ ላይ ነው። ቀንድ አውጣዋ ሴንሰሩ ሥር ደርሳ ነበር።