ባሌስትራ፦ አንድ ብረት መጨመር ወይስ በሙሉ መቀየር?

የፒክአፕ የኋላ ክፍል ሲዘቅጥ በቤት ሊሠሩ የሚችሉ ሁለት መፍትሔዎች አሉ፤ በነባሩ ባሌስትራ (ተደራርበው የመኪናውን ክብደት በሚሸከሙት ዝርግ ብረቶች) ላይ አንድ ዝርግ ብረት መጨመር ወይም ባሌስትራውን በሙሉ መቀየር።

መጨመሩ ርካሽ ነው፤ መኪናውንም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ያደርገዋል። ያረጁት ብረቶች ግን እንዳረጁ ይቆያሉ፤ ጭነት በሌለበት ጊዜም የኋላው ጎማ ድንጋይ በነካ ቁጥር ይዘላል። ሥራውም እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ብረቶቹን አንድ ላይ የሚይዘው የመሀሉ ቡሎን ሲፈታ የታመቁት ብረቶች ተፈናጥረው ይከፈታሉ፤ ግራና ቀኙን በሞርሳ ሳያስሩ ዳዶውን መንካት ጣት ያሳጣል።

ሙሉ ቅያሪው ውድ ነው፤ ብረቱ ስለሚከብድም ረዳት ይፈልጋል። ቢሆንም ለድንጋያማ መንገድ እኔ የምመርጠው እሱን ነው፤ ጥንካሬው ለሚጫነው ክብደት ተለክቶ ይገዛልና። (ዘወትር ባዶውን ለሚሄድ መኪና የከባድ ጭነት ባሌስትራ መግጠም የራስን ወገብ መቅጣት ነው።) የዳርና ዳሩን ቡሎኖች መጨረሻ ላይ የምታጠብቁት መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ይሁን፤ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ ቡሎኖቹ የሚያልፉባቸው የላስቲክ ቡሾች ተጠማዘው ቶሎ ይቀደዳሉ።

በሁለቱም ምርጫ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች አዲስ ይሁኑ፤ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥርም አይገባም።