ባለ አራት ጎማው ሻንጣ እና የፋርጎ በረዶ

ሻንጣዬ አራት ጎማ ነበረው። አሁን የቀሩት ሦስት ናቸው። ይህን የምጽፈው በአራተኛው ምክንያት ነው።

ትልቁ፣ ባለ 28 ኢንቹ፣ ጠንካራ የፖሊካርቦኔት አካል ያለው፣ ከሁለት መቶ ዶላር በላይ ያስወጣኝ ሻንጣ ነው። ስሙን አልጠራም። ሥራዬ ትራቭል ነርስነት ነው፤ ከግዛት ግዛት እየዞርኩ በኮንትራት ሆስፒታል እሠራለሁ። ኤጀንሲው ኮንትራት ያገኝልኛል፤ ብዙውን ጊዜ 13 ሳምንት ነው። ሲያልቅ ወይ ይራዘማል፣ ወይ ጠቅልዬ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ እገባለሁ። እንዲህ ለሚኖር ሰው ሻንጣ ማለት ለሠርግ አዲስ አበባ ደርሶ መጥቶ ቁም ሳጥን ላይ የሚወጣ ዕቃ አይደለም። የሥራ መሣሪያ ነው። ለዚህ ነው ብር የማልሰስትበት፣ ለዚህም ነው የምናደድበት።

ሱቅ ውስጥ ሻጩ በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው። ሻንጣው ቀጥ ብሎ እንደቆመ ተንሸራቶ እኔ ጋ መጣ። «360 ዲግሪ ይዞራል፣ ትከሻዎን አያምዎትም» አለኝ። አልዋሸም። የሱቁ ወለል ልሙጥ ነው፣ የኤርፖርቱም ልሙጥ ነው። ግን ወንድሜ፣ ከኤርፖርቱ በኋላ ያለውን ምነው ዘለልከው? ሰው ኤርፖርት ውስጥ አይኖርም። ትራቭል ነርስ የሚያርፈው ሊፍት በሌለው አፓርታማ፣ ወይ ባላየው ሰው ቤዝመንት፣ ወይ ከከተማ ወጣ ባለ ሞቴል ነው። ፓርኪንግ አለ፣ ጠጠር አለ፣ ደረጃ አለ።

ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ ላይ የነበረኝ ኮንትራት በሰላም አለፈ። ደረቅ አስፋልት፣ ሊፍት ያለው ሕንፃ፣ በቃ። ስለሱ የምለው የለኝም።

ከዚያ ፋርጎ፣ ሰሜን ዳኮታ መጣ።

ሰሜን ዳኮታ እንደ ሜሪላንድ ሁሉ የነርሶች ፈቃድ ስምምነት ውስጥ ነው፣ ኮምፓክት በምንለው። የሜሪላንዱ ፈቃዴ እዚያም ይሠራል። ስለዚህ ሪክሩተሯ፣ ሥራ የምታገኝልኝ የኤጀንሲው ሠራተኛ፣ ስትደውል ጊዜ አትሰጥም፤ «መቼ መጀመር ትችያለሽ?» ነው። ወሩ ጥር ነበር። በዚያ ወር ፋርጎ ሌሊት ከዜሮ በታች 20 ሴልሺየስ መድረስ ብርቅ አይደለም። መኪኖቹ ከፊታቸው የኤሌክትሪክ ገመድ አንጠልጥለው ነው የሚሄዱት። ማታ ሶኬት ላይ ተሰክተው ያድራሉ፣ ሞተራቸው እንዳይቀዘቅዝ። ከተማው ሁሉ ለብርዱ ተዘጋጅቷል። ሳይዘጋጅ የመጣው የኔ ሻንጣ ብቻ ነው።

መኪናው ፓርኪንጉ ዳር አውርዶኝ ሄደ። ከዚያ እስከ አፓርታማዬ በር ያለው በረዶ ተጠርጎ ጨው ተበትኖበታል። ቀን የቀለጠው ማታ መልሶ ረግቷል፣ ያውም የመኪና ጎማ የሠራውን ቦይ እንደያዘ። እዚህ ላይ ባለ አራት ጎማ ሻንጣ ስትገፉ እያንዳንዱ ጎማ በየፊናው ይዞራል። አንዱ ወደ ቦዩ፣ አንዱ ወደ ጠርዙ። እሺ ብዬ አጋድሜ በሁለቱ ልጎትት ስል እነሱም ተጠማዘዙ። ሻጩ ያደነቀልኝ 360 ዲግሪ ይሄ ነው። ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚዞር ጎማ በረዶ ላይ ወደ የትም አይሄድም።

እንደምንም ገባሁ። በማግሥቱ ገልብጬ ጎማውን አየሁት። በያዘው ሹካ መሐል በረዶና ጨው ተጋግሮ ግራጫ ድንጋይ ሆኗል። ዘንጉ ላይ ደግሞ የኔው ፀጉር ተጠምጥሟል። በፀጉር ማድረቂያ አሞቅሁት፣ ፀጉሩን በመርፌ ለቀምኩ። ዞረ። ግን ሳይዞር አስፋልት ላይ ስለተጎተተ አንድ ጎኑ ተልጦ ጠፍጣፋ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ኮሪደር ላይ በተገፋ ቁጥር «ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል። ከማታው አንድ ሰዓት እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት ሠርቶ ለሚተኛ ሰው ጎረቤቱ ይሄን ድምፅ ባይሰማ ጥሩ ነበር።

ኮንትራቱ አልቆ ስወጣ፣ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ሳወርደው ሹካው ከሥሩ ተቀነጠሰ። ጎማው ብቻውን ተንከባሎ ከቆመ ፒክአፕ ሥር ገባ። ጎንበስ ብዬ አላወጣሁትም፤ አውሮፕላን ሊያመልጠኝ ነበር።

«ዋስትና አለው እኮ!» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ አለው፣ ያውም ለዕድሜ ልክ። ጻፍኩላቸው፣ ፎቶ ላክሁ። መልሱ ትህትና የተሞላ ነው፦ ዋስትናው የፋብሪካ ጉድለትን ይሸፍናል፣ በአጠቃቀም የመጣ መጎዳትንና በአየር መንገድ የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም። ታዲያ ጎማ ያለ አጠቃቀም እንዴት ነው የሚሰበረው? ቁም ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብሎ?

እሺ፣ ራሴ ጎማ ገዝቼ ልቀይር ብዬ የውስጡን ገበር ዚፕ ከፈትኩ። ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ጎማዎቹ በብሎን አይደለም የታሰሩት፣ በሪቬት፣ ማለትም ተመትቶ ራሱ በሚጠፈጠፍ የብረት ሚስማር፣ ነው የተመቱት። ብሎን ቢሆን በካቻቢቴ ፈትቶ ሌላ ማሰር ነው፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ። ሪቬት ግን በድሪል ካልተበሳ አይወጣም። አዲስ አበባ ቢሆን ሻንጣ ጠጋኝ ተፈልጎ እስከ ማታ አልቆ ነበር። ሜሪላንድ ላይ የጠየቁኝ ሂሳብ ግን ሌላ ትንሽ ሻንጣ ይገዛል። ስለዚህ ልትገዙ የምትሄዱ ሰዎች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ገበሩን ክፈቱና ሥሩን እዩ። ሻጩ ቢገላምጣችሁም ክፈቱ። ብሎን ካያችሁ ደህና። ክብ የብረት ራስ ብቻ ካያችሁ መልሳችሁ ዝጉት።

ሌላው ሻጭ ደግሞ «ባለ ሁለት ጎማ አሁን ማን ይገዛል? አሮጌ ነገር ነው» ይለኛል። አሮጌስ ነው። ባለ ሁለት ጎማና ተመዛዥ እጀታ ያለውን ሻንጣ የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1987 ሮበርት ፕላት የሚባል የኖርዝዌስት አየር መንገድ ፓይለት ነው። የኖርዝዌስት ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ ሚኒሶታ ነበር፣ የፋርጎ ጎረቤት። ከበረዶ አገር አየር መንገድ የወጣ ሻንጣ ይሻለኛል ብል አይፈረድብኝም። የባለ ሁለቱ ጎማዎች ቋሚ ዘንግ ላይ ናቸው፣ ወደ ጎን አይጠማዘዙም፣ ግማሽ አካላቸው ሻንጣው ውስጥ ነው። ጫኙ ሲወረውረው ምቱን የሚቀበለው ሻንጣው ነው። የባለ አራቱ ግን እግራቸውን አውጥተው የመጀመሪያውን ምት ራሳቸው ይቀበላሉ።

«ታዲያ በመኪና አትሄጂም?» ትሉኝ ይሆናል። ብዙ ትራቭል ነርሶች እንደዚያ ያደርጋሉ፤ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ሞልተው መኪናው ላይ ይጭናሉ፣ ጎማ ምናምን አያሳስባቸውም። ግን ከሲልቨር ስፕሪንግ ፋርጎ ወደ 1,300 ማይል ነው። በጥር፣ ብቻዬን፣ በዚያ መንገድ? ይቅርብኝ።

ከጀመርኩ አይቀር ስለ አከፋፈቱም ልበል። ይሄ ሻንጣ ከመሐሉ እኩል ለሁለት ነው የሚከፈተው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ወለሉን ሁሉ ይይዛል። ይሄስ ይሁን። ጉዱ ኤርፖርት ላይ ነው። የሚፈቀደው 50 ፓውንድ ነው፣ ባዶው ሻንጣ ራሱ ከአሥር ፓውንድ በላይ ነው። አንድ ሆስፒታል ጥቁር ሰማያዊ ስክራብ (የነርስ የሥራ ልብስ) ይላል፣ ሌላው ውሃ ሰማያዊ ይላል፤ ሁለቱም ይያዛል። ቀን ለሚተኛ ሰው የጨለማ መጋረጃ አለ። በርበሬ አለ፣ ሽሮ አለ፣ ድርቆሽ አለ። ወደ ፋርጎ ስሄድ ሚዛኑ 54 አለ። ከ50 ካለፈ የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ 100 ዶላር ነው።

እኛ አበሾች ኤርፖርት ወለል ላይ ተንበርክኮ ሻንጣ መፍታት አዲሳችን አይደለም። በጨርቁ ሻንጣ ግን ክዳኑን ቀና አድርጎ እጅ ሰዶ አንድ ነገር መምዘዝ ይቻላል። ይሄኛው ሲከፈት ያለኝን ሁሉ ለሰልፈኛው ዘረገፈልኝ፦ ስክራብ፣ እግር የሚያጠብቀው ካልሲ፣ የውስጥ ልብስ፣ የድርቆሽ ከረጢት። እማዬ ልትሸኘኝ መጥታ ከኋላዬ ቆማለች። «በርበሬውን እንዳትነኪ ልጄ፣ ጫማውን አውጪ» አለች። ልክ ነበረች። ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ለብቻው ወጥቶ ተጨማሪ ፍተሻ ሊገጥመው ይችላል፣ ምንነቱ ካልተለየላቸው ደግሞ አያሳልፉትም። በርበሬን ለፈታሽ ማስረዳት አልፈልግም። ጫማዎቹ ወጡ፣ በፌስታል ይዤ ተሳፈርኩ።

በነገራችን ላይ ስቴትስኮፕ፣ የቢኤልኤስና የኤሲኤልኤስ ካርድ (ልቡ ለቆመ ሰው ሕይወት የማዳን ሥልጠና ማረጋገጫ)፣ የክትባት ወረቀት፣ አንድ ሙሉ ስክራብ እና ፓወር ባንክ የኔ ሁሌም በእጅ ነው የሚሄዱት። ፓወር ባንክ እንዲያውም ከታች መጫን ክልክል ነው። ሻንጣው አውሮፕላን በምቀይርበት ሚኒያፖሊስ ቢቀር እንኳ ኦሪየንቴሽን መግባት አለብኝ።

አሁን ደግሞ የማልክደው ነገር አለ። የሸክላ ጀበናዬ በሁለት ስክራብ ተጠቅልላ፣ መሐል ላይ ተኝታ፣ ሳን አንቶኒዮም ፋርጎም ደርሳ ተመልሳለች። አንገቷ እንኳ አልተነካም። ከሷ በፊት በጨርቅ ሻንጣ የያዝኳት ጀበና የደረሰችው ስብርባሪ ሆና ነው። ፋርጎ ላይ ከሌሊት ሥራ ገብቼ፣ ውጭው ነጭ ሆኖ፣ እኔ ቡና ሳፈላ ሻንጣውን ይቅር እለው ነበር። (ዕጣን ግን አይሞከርም፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ሕንፃውን በሙሉ ቀሰቀሰው።) አካሉ ጭረት እንጂ ስንጥቅ የለውም። ዚፑም ደህና ነው።

ይቅርታዬ ግን እስከ ፓርኪንጉ ድረስ ነው።

ለቀጣዩ ሰሜን ኮንትራት ባለ ሁለት ጎማ ትልቅ የጨርቅ ሻንጣ ገዝቻለሁ። ገበሩን ከፍቼ ብሎኑን በዓይኔ አይቼ ነው የከፈልኩት። ጀበናዋ በእጅ ትሄዳለች። ሰሞኑን ሪክሩተሯ ፊኒክስ ፊኒክስ ትላለች። ፊኒክስ በረዶ የለም፣ እና ባለ ሦስቱን በድሪል አስበስቼ ጎማ ባስገባለት ብዬ ማሰብ ጀምሬያለሁ። እስከዚያው ከአምስት ኮከብ ሁለት እሰጠዋለሁ። አንዱ ለጀበናዋ ነው፣ አንዱ ለዚፑ። ለጎማው ምንም። ፋርጎ ላይ ብትጠይቁኝ ኖሮ የዚፑንም እነጥቀው ነበር።