ፌኖባርቢታል ወይስ ቫልፕሮዬት? የሚጥል በሽታ ላለበት ልጄ የቱ መድኃኒት ይሻላል?

ጅማ ሂርማታ አካባቢ የምትኖር ጎረቤቴ፣ ልጇ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ሲያንቀላፋ አይታ «መድኃኒቱ አደነዘዘብኝ» ብላ ልታስቆም ነበር። ጭንቀቷ ይገባኛል። ግን የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። መቀየርም መቀነስም በሐኪም ነው።

ዋጋ፦ ፌኖባርቢታል ርካሽ ነው፤ ቫልፕሮዬት ኪስ ይጎዳል።

አወሳሰድ፦ ፌኖባርቢታል ብዙውን ጊዜ ማታ አንዴ ነው። ቫልፕሮዬት በአብዛኛው ጠዋትና ማታ ይሰጣል፤ ከምግብ ጋር ሲሆን ሆድ ብዙም አይረብሽም።

የጎንዮሽ ጉዳት፦ ወላጅን የሚያስጨንቀው ይሄ ነው። ፌኖባርቢታል ያስተኛል፤ ሰውነት ሲለምደው እንቅልፉ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። አንዳንዱን ልጅ ግን ጭራሽ ያቅበጠብጠዋል፣ ነጭናጫ ያደርገዋል፣ ትምህርት ላይ ሐሳቡን ይበትንበታል። ቫልፕሮዬት ሊያወፍርና ፀጉር ሊያሳሳ ይችላል። አልፎ አልፎ ጉበት ይጎዳል፤ ከ2 ዓመት በታች አደጋው ይብሳል። ልጁ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ከደከመ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ገቢው ለጠበበና ቀን ሁለቴ መስጠት ለሚቸግረው ቤት ፌኖባርቢታል ይቀላል። ፌኖባርቢታል ላቅበጠበጠው ተማሪ ልጅ ስለ ቫልፕሮዬት ሐኪሙን መጠየቅ ያዋጣል። ሴት ልጅ ከሆነች ግን ቫልፕሮዬት ኋላ በእርግዝና ጊዜ ፅንስ ስለሚጎዳ፣ ሳታድግ ከሐኪሟ ጋር ተነጋገሩበት።