የሚጨስ፣ ዘይት ወይስ የሚረጭ? ለድሬና ለሐረር ሰው የሽቶ ንጽጽር

የድሮውን የመታጠን ወግ የሚያስታውስ ጠረን ፈልጋችሁ ልትገዙ ነው እንበል። መጋላ ገበያም ሂዱ ቀፊራ፣ ምርጫችሁ ሦስት ነው፦ የሚጨሰው፣ ዘይቱና የሚረጨው። ሦስቱም ላይ ዑድ፣ ከርቤ፣ ዕጣን የሚል ስም አይጠፋም። ነገራቸው ግን በጣም ይለያያል።

እኔ ከጭሱ እጀምራለሁ፤ የድሮው ነገር ራሱ እሱ ነዋ! ዕጣንና ከርቤ የዛፍ ሙጫ ናቸው፣ የምሥራቁ ቆላም አገራቸው ነው። ቅርፊትና አሸዋ የበዛበትን አትግዙ። ጥሩ ከርቤ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ሲሰበር ውስጡ ወዝ አለው። ማጨሻው ላይ ከመጨመራችሁ በፊት ከሰሉ ነጭ አመድ እስኪለብስ ታገሡ፣ አለዚያ ሙጫው ያርና ቤቱ በሙሉ ይከረፋል። ከዚያ ነጠላችሁን ከላይ ዘርግታችሁ ጭሱን አጠጡት፤ ጥጥ ጠረኑን ይዞ ያድራል። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ግን ይሄ ምርጫ ይቅርባችሁ።

ዑድ ደግሞ ሌላ ነው። የደቡብ ምሥራቅ እስያ እንጨት ነው፣ ውድ ያደረገውም ዛፉ በሻጋታ ሲጠቃ የሚያመነጨው ሙጫ ነው። በርካሽ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ሽቶ የተነከረ ተራ እንጨት ነው፤ ከሰል ላይ መጀመሪያ ጣፋጭ ይሸታል፣ ትንሽ ቆይቶ የማገዶ ጭስ ይሆናል። ስለዚህ ሳትከፍሉ «አንዲት ስንጥር አጭስልኝ» በሉት ሻጩን።

ዘይቱ አልኮል የለውም። ብዙ ሰው ለጁምዓ የሚመርጠውም ለዚሁ ነው። በድሬ ሙቀት እንደሚረጨው ብን ብሎ አይጠፋም፣ ቆዳ ላይ ይቆያል። ከሩቅ አይሸትም፣ ነጭ ልብስም ያቆሽሻል።

የሚረጨው ለቸኮለ ሰው ነው። ኦ ደ ቷሌት የሚለው በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 በመቶ የሽቶ ዘይት አለው፣ ኦ ደ ፓርፉም ከ15 እስከ 20። ድሬ ከሆናችሁ ሁለተኛውን ውሰዱ። ጠርሙሱ ላይ ባለው «ታሪካዊ» በሚለው ጽሑፍ ግን አትታለሉ። ድሮ የጥርኝ ዝባድ በቀንድ ታሽጎ ከአገራችን ለውጭ ሽቶ ሠሪዎች ይላክ ነበር፤ ዛሬ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ላቦራቶሪ የሠራው ነው። ሽታው ከጣማችሁ ግዙት፣ ለታሪኩ ብላችሁ ግን ብር አትጨምሩ።

ለድሬ የኔ ምርጫ ዘይት ለቆዳ፣ ጭስ ለልብስ ነው። ሐረር ከፍ ያለችና ቀዝቃዛ ስለሆነች የሚረጨውም ደህና ይቆያል፣ ለቢሮ እሱ ይበቃችኋል። ጠርሙሱን ብቻ መስኮት ላይ ወይ መኪና ውስጥ እንዳትተዉት፤ ፀሐይና ሙቀት ሽቶን ያበላሻሉ።