ብቻሽን ቤት ውስጥ ወይስ ከፊዚዮቴራፒስት ጋር?

ከወለድሽ በኋላ ስትስቂ ወይ ስታስነጥሺ ሽንት ያመልጥሻል? የዳሌ ወለል ጡንቻን (ፊኛንና ማህፀንን ከታች ደግፎ ሽንት የሚይዘውን) ቤት ውስጥ ማሠራት ወጪ የለውም፤ ልጅሽን እያጠባሽም ይሆናል። 8 ጊዜ ማጥበቅና መልቀቅ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር። ችግሩ ግን ብዙዎቻችን ወደ ላይ መሳብ ሲገባን እንደ ማማጥ ወደ ታች እንገፋለን፣ ይሄ ደግሞ ጭራሽ ሊያባብሰው ይችላል፣ የሚያርመን ሰውም አጠገባችን የለም።

ፊዚዮቴራፒስቷ (በአካል እንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ) ግን ጡንቻው በትክክል መሳቡን ፈትሻ ታውቃለች። ደክሞ ሳይሆን ከልክ በላይ ተወጥሮ ከሆነም (ግንኙነት የሚያምሽ ከሆነ ይህን ጠርጥሪ) መጀመሪያ ማላላት ታስተምርሻለች። ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል፣ እውነት ነው። ስትወልጂ ጥልቅ ስፌት ከነበረሽ ግን እኔ እሷን እመርጣለሁ።

ከረጅም ምጥ በኋላ ሽንትሽ ሌት ተቀን ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ ፌስቱላ (በፊኛና በብልት መካከል የተፈጠረ ቀዳዳ) ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ጋር ሂጂ።